የዓድዋዋ ጠገራ፦ ፊቷ የተበላ አንዲት ብር የተለየችበት ጉዳይ

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የእናቱን ሁለት ጠገራ ብሮች በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከሁለቱ አንደኛዋ፣ ፊቷ እስኪጠፋ የተበላችው፣ የእናቱ አያት ከዓድዋ ዘመቻ ሲመለሱ ይዘዋት የመጧት እንደሆነች በቤተሰቡ ውስጥ ሲነገር ኖሯል። ባልደረባዬ ይህን በጽሑፍ አስፍሮ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ፈልጓል፤ ከዚያ በፊት ግን ብሯ ምን እንደሆነችና መቼ እንደተመታች እንዳረጋግጥለት ጠየቀኝ። ሙያዬ ሌላ ነው፤ ይሁንና የድሮ ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆነኝ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልፎ አልፎ ይደርሰኛል፤ አብዛኛውም ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ የሚመለስ ነው። ይህኛው ሦስት ሳምንት ወሰደ፤ በመካከሉም አንድ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ሰጥቻለሁ። ጉዳዩን ከነስሕተቱ የጻፍሁት ስሕተቱ የመጣበት መንገድ ሌላውንም ሰው ሊያስት የሚችል ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ሁለቱ ብሮች በአንድ ድሪ ላይ አብረው የኖሩ ናቸው። አንደኛዋ ደኅና ናት፤ ፊቷን ወደ ቀኝ ያዞረች፣ ራሷን የተከናነበች ወፍራም ሴት፣ በጀርባዋም ሁለት ራስ ያለው ንስር፣ ከንስሩ በስተግራ ከፍ ብሎ 1780 የሚል ቁጥርና ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጋደመ ትንሽ መስቀል በግልጽ ይታያሉ። ይህች አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ የኦስትሪያዋ ገዢ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት ማርትሬዛ ናት። በሁለተኛዋ ላይ ግን የሴትዮዋ ጉንጭ፣ አንገትና ትከሻ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሰው አንድ ሆነዋል፤ ከፀጉሯ ጥቂት መስመር፣ በዙሪያዋ ካለው ጽሑፍም ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቷል። በንስሩ በኩል አንድ አንጥረኛ የማንጠልጠያ ቀለበት በይዶባት ኖሮ፣ ቀለበቱ ተሰብሮ ቢወድቅም ብየዳው ልክ የንስሩ ራስ በሚኖርበት ቦታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተዘርግቶ ቀርቷል። የጎን ጠርዟም ዙሪያውን በሞረድ ተልጓል። አንድን ጠገራ ለመለየት ሰው አስቀድሞ የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ ማለትም የንስሩ ራሶች፣ የተመታችበት ዓመትና የጠርዙ ጽሑፍ፣ ሦስቱም በአንድነት ጠፍተዋል ማለት ነው።

ባልደረባዬ እንደነገረኝ እናቱ ብሮቹን ከመላካቸው በፊት «ቆሽሻ ለሰው አትታይም» ብለው በሎሚና በአመድ ፈትገዋቸዋል፤ ይህም በየዓመቱ ለጥምቀት የሚደረግ የቤቱ ልማድ ነው። ብር በአመድ በተፈተገ ቁጥር ከፊቱ ጥቂት ይሄዳል፤ የሚሄደውም ከፍ ካለው ክፍል፣ ከጉንጭና ከፊደል አናት ላይ ነው። እንዳይደገም ለመንሁ። ብየዳውን በእሳት አስለቅቀን ሥሩን እንይ የሚል ሐሳብም ከባልደረባዬ ቀርቦልኝ አልተቀበልሁም፤ ብየዳው ሲቀልጥ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ይዞት ሊሄድ ይችላል፣ ከዚያም በላይ ያ ብየዳ ራሱ የብሯ ታሪክ አካል ነው።

ሥራው በሚዛን ተጀመረ። በወርቅ ቤት ሚዛን ደኅነኛዋ 27.8 ግራም፣ የተበላችው ከነብየዳዋ 26.8 ግራም መዘነች። የተበላችው ስፋት በካሊፐር ሲለካ በአንድ በኩል 39.1፣ በሌላው 38.8 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ልዩነቱ የሞረዱ ሥራ ነው። ቀጥሎም በክር አንጠልጥዬ፣ በሚዛኑ ላይ በተቀመጠ የውኃ ብርጭቆ ውስጥ የብርጭቆውን ግድግዳም ሆነ መቀመጫ ሳትነካ አጠለቅኋት፤ ሚዛኑ በ2.66 ግራም ጨመረ። 26.8 ለ2.66 ሲካፈል 10.1 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ብሯ ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደምትከብድ ያሳያል። ንጹሕ ብር 10.5 ያህል፣ መዳብ 9 ያህል ስለሆነ፣ እንደ ማርትሬዛ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር የሆነ ቅይጥ 10.2 አካባቢ ሊመጣ ይገባዋል፤ ከብር የቀለለው ብየዳ ጥቂት ሲያጎድል የተገኘው ቁጥር ትክክል ነው። ስለዚህ በነሐስ ወይም በእርሳስ የተሠራች አስመሳይ የመሆኗ ነገር ከዚህ ላይ ቀረ።

ሚዛኑ የነገረኝ ግን ይህን ብቻ ነበር፤ እኔ ከዚያ የበለጠ የነገረኝ መሰለኝ። የማርትሬዛ ሕጋዊ ክብደት 28.0668 ግራም፣ የብሯም ጥራት ከሺህ 833 ነው። ይህ ክብደት በአገራችን ሥር ከመስደዱ የተነሣ የወርቅ መመዘኛ የሆነው ወቄት ራሱ የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። ከዚህም የተነሣ ከእሷ በኋላ በዚህ አካባቢ ገበያ ለመግባት የፈለገ ገንዘብ ሁሉ ክብደቷን ሊመስል ግድ ሆኖበታል። ፓሪስ ላይ የተመታው፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ያለበት የዳግማዊ ምኒልክ ብር 28.075 ግራም ነው። ጣሊያን ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1896 ያስመታችው፣ የንጉሥ ኡምቤርቶ ራስ ያለበት፣ ታለሮ የተባለው ብር 28.125 ግራም ነው። በእነዚህ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት አንድ ክረምት በአንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያልቀው ያነሰ ስለሆነ፣ ሚዛን ከጠገራ ወገን መሆኗን ሊመሰክር ይችላል እንጂ የትኛዋ እንደሆነች ሊናገር አይችልም።

የምኒልክ ብር ጀርባው አንበሳ፣ የኡምቤርቶው ታለሮ ደግሞ ፊቱ ጢማም ወንድ ስለሆነ ሁለቱንም ወዲያው አስወጣኋቸው፤ በእጄ ያለችው፣ ምንም ብትበላ፣ ሴትና ንስር ናት። ከዚያም በሴትዮዋ በኩል የቀሩትን ሦስት ፊደላት በማጉያ መነጽር አነበብሁ፤ ‹አር›፣ ‹ኢ›፣ ‹ጂ› ናቸው። ማርትሬዛ ላይ በሴትዮዋ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሑፍ «ኤም. ቴሬሲያ ዲ. ጂ. አር. ኢምፕ. ሁ. ቦ. ሬግ.» የሚል ሲሆን፣ ሲፈታ ማሪያ ቴሬዛ በእግዚአብሔር ጸጋ የሮማውያን ንግሥተ ነገሥት፣ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት ማለት ነው። መጨረሻው «ሬግ.» ነው፤ የኔዎቹ ሦስት ፊደላት ያውላችሁ! ለባልደረባዬ ደወልሁና «ማርትሬዛ ናት፤ መቼ እንደተመታች ግን አይታወቅም» አልሁት። እሱም ደስ ብሎት ለእናቱ ነገራቸው።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገሬ ቢያንስ ምክንያት ነበረው። ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1780 ነው፤ ሆኖም የመጨረሻው ዓመት ብር በቀይ ባሕርና በመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ስለተወደደ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። መጀመሪያ በቪየና፣ በጉንዝቡርግ፣ በፕራግ፣ በሚላኖና በቬኒስ፣ በኋላም በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ሁሉ ተመትቷል፤ ሁሉም 1780 ይላል። የአገራችን ነጋዴ ስለዚህ ዓመቱን አያይም ነበር፤ የሚያየው የዘውዷንና የትከሻዋን ጌጥ ፈርጦች ነው፤ ፈርጦቹ ጥርት ብለው ካልተቆጠሩለት ብሩን ይመልሳል። በዚህ ሚዛን የባልደረባዬን ብር አንድም ነጋዴ አይቀበላትም ነበር።

ያልተዋጠልኝ ነገር የመጣው ለማስታወሻ ያህል ፎቶግራፍ ሳነሣ ነው። መብራት አጥፍቼ የእጅ ባትሪ ከጠረጴዛው ጋር እኩል አስተኝቼ ከጎን ሳበራ፣ በቀን የማይታየው የፊደል ርዝራዥ ጥላ ይጥላል። ባትሪውን ዙሪያውን እያዞርሁ ስምንት ፎቶግራፍ አነሣሁ። በንስሩ በኩል፣ ባዶ ነው ብዬ በተውሁት ስፍራ፣ ሹካ የመሰለ ‹ዋይ› ብቅ አለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ማርትሬዛ በንስሩ በኩል ከማዕረጎቿ መጨረሻ «ኮ. ቲር.»፣ ማለትም የቲሮል ገዢ፣ ይላል፤ በዚያም ውስጥ ‹ዋይ› አለ፤ ከግራው ‹ቲ›፣ ከቀኙ ‹አር›። ደኅነኛዋን ብር አጠገቧ አድርጌ በተመሳሳይ ብርሃን ሳያት ግን ቅደም ተከተሉ አልገጠመም። በተበላችው ላይ ከ‹ዋይ› በስተግራ ያለው ጥላ ሆድና የተዘረጋ እግር አለው፤ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ከላይ አግድም ምሰሶ የያዘ ነው። ‹አር› ቀድማ ‹ቲ› ተከትላለች ማለት ነው፤ ልክ የተገላቢጦሹ። ከ‹ቲ›ዋ ቀጥሎም ሁለት ቋሚ ዘንጎች ጎን ለጎን ይታያሉ። በማርትሬዛ ላይ ከ«ቲር.» ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብና የ1780 መጀመሪያ የሆነው ‹1› ነው፤ ሁለት ቋሚ ዘንግ የሚሆን ነገር የለም።

ዓይኔ የፈለገውን እያየ እንዳይሆን ፎቶግራፎቹን ምንም ላልነገርኋት የእህቴ ልጅ ሰጥቼ የምታየውን መስመር ብቻ በወረቀት ላይ እንድትስል አደረግሁ። የሳለችው ‹አር›፣ ‹ዋይ›፣ ‹ቲ› እና አንድ መሰላል ነው፤ መሰላሉ ‹ኤች› ነው። በንስር ዙሪያ እነዚህን አራት ፊደላት በዚህ ቅደም ተከተል የያዘ፣ የጠገራ ክብደት ያለው፣ የሴት ምስል የተቀረጸበት ብር የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1918 የተመታው የጣሊያን ታለሮ ነው። በንስሩ ዙሪያ «አድ ኔጎት. ኤሪትር. ኮሞድ. አርግ. ሲግን.» ይላል፤ ለኤርትራ ንግድ መመቻ የተመታ ብር እንደማለት ነው። ‹አር-ዋይ-ቲ-ኤች› የ«ኤሪትር» እምብርት ነው።

ያን ጊዜ ወደ ሴትዮዋ ተመለስሁ። በ1918ቱ ታለሮ ላይ ያለችው ሴት ማሪያ ቴሬዛ ሳትሆን ጣሊያንን በሴት አምሳል የምትወክል፣ ዘውድ ያሰረች ምስል ናት፤ ዙሪያዋም «ሬግኑም ኢታሊኩም 1918»፣ የጣሊያን መንግሥት፣ ይላል። «ሬግኑም» የሚጀምረው በየትኞቹ ፊደላት ነው? በ‹አር›፣ በ‹ኢ› እና በ‹ጂ›። እኔን ያሳተኝ ይህ ነው፤ በአንደኛው ብር ላይ የጽሑፉ ጅራት የሆነው በሌላው ላይ ራስ ነው፤ እኔም ከሦስቱ ፊደላት ቀጥሎ ነጥብ ይኑር ፊደል ሳልመረምር ደምድሜያለሁ። በጎን ብርሃን ሲታይ ከ‹ጂ› ቀጥሎ ነጥብ የለም፤ ከላይ ወደ ታች የተጋደመ ሰያፍ መስመር አለ፤ ያም ‹ኤን› ነው።

ሦስተኛው ምስክር በንስሩ ደረት ላይ ያለው ጋሻ ነው፤ እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ነበረብኝ። ቤተሰቡ «መስቀል አለባት» ሲል የኖረው ይህን ጋሻ እያየ ነው። የማርትሬዛ ጋሻ በአራት ተከፍሎ የተለያዩ አገሮች አርማ የያዘ ስለሆነ፣ አርማዎቹ ሲበሉ ከፋፋዮቹ መስመሮች መስቀል ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ መካከላቸው ላይም ሌላ ትንሽ ጋሻ ተቀምጦ ያቋርጣቸዋል። በዚህች ብር ላይ ያለው መስቀል ክንዶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ መካከሉ ላይ የሚያቋርጠው ነገርም የለም፤ ይህ የጣሊያን ነገሥታት የሳቮይ ቤት መስቀል ነው። አራተኛ ምስክር የሚሆን ነገርም ነበረኝ፤ በሴትዮዋ በኩል ሁለት ክብ ሆኖ የተደራረበ፣ ስምንት ቁጥር የሚመስል ጥላ አለ። በማርትሬዛ በዚህ በኩል ቁጥር የሚባል የለም። ሆኖም የተበላ ‹ቢ› ወይም ‹ኤስ› ስምንት ሊመስል ስለሚችል በማስረጃነት አልቆጠርሁትም። ብየዳው ሥር ያለው ንስርም አንድ ራስ ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ይህንንም አላየሁትም።

ጣሊያን ይህን ብር ለምን እንዳስመታ ሲታወቅ መመሳሰሉ አይገርምም። የኡምቤርቶው ታለሮ በሰው ዘንድ አልተወደደም፤ ገበያው የለመደው ሴትዮዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ጣሊያን ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት ስትገባ ማርትሬዛ ይመታበት የነበረው ቪየናም ሆነ ይጫንበት የነበረው የትሪየስቴ ወደብ የጠላት እጅ ሆነ። ኤርትራ ውስጥ ቆዳና ቡና የሚገዛበት ብር ሲያጥር፣ በክብደት ከማርትሬዛ እኩል፣ በጥራት ከሺህ 835 የሆነ፣ ከሩቅ ሲያዩት እሷኑ የሚመስል ብር ተቀረጸ፤ 510,000 ያህልም ተመታ። ሰው አልተታለለም፤ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1935 ከኦስትሪያ የእውነተኛዋን መምቻ ተቀብላ በሮም ማርትሬዛን ራሷን ወደ መምታት ተሻገረች።

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር 1896። በእጄ ያለችው ብር የተመታችው ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ይህን በስልክ መናገር ስላልፈለግሁ ከባልደረባዬ ጋር እናቱ ቤት ሄድሁ። ሁለቱን ብሮች በነጭ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ፣ በባትሪው ብርሃን የ‹ዋይ›ዋን ጎረቤቶች አሳየኋቸው። ማንበብ የለመዱት ፊደል ባይሆንም ልዩነቱን ከእኔ ፈጥነው አዩት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ አያቴ ዋሽተዋል ነው የምትለኝ ልጄ?» አሉኝ።

«አልወጣኝም እማማ» አልሁ፤ «አያትዎ ከዓድዋ ያመጡት የተበላችዋን እንደሆነ ማን ነገረዎት?»

መልሳቸው ጉዳዩን ሌላ መልክ ሰጠው። ማንም አልነገራቸውም። አያታቸው «ከዓድዋ ያመጣኋት ብር» ይሉ የነበረው በድሪው ላይ ስላለች አንዲት ብር ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች የወሰኑት እሳቸው ናቸው፣ የወሰኑትም በጣም ያረጀችው የተበላችዋ ናት ብለው ነው። እንዴት እንደተበላች ስጠይቃቸው፣ እናታቸው ድሪው ከተበተነ በኋላ ይህችን ለብቻዋ ቀለበት አስበይደው እስኪሞቱ ድረስ ከአንገታቸው ሳያወልቋት እንደኖሩ፣ ሌላዋ ግን በሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ እንደተቀመጠች ነገሩኝ። ብሯን የበላት አርባ ዓመት የቀሚስ ጥበብ፣ ላብና የጥምቀት አመድ ነው። ያልተበላችው በዕድሜ ታላቅ ልትሆን እንደምትችል እስከዚያች ቀን ማንም በቤቱ ውስጥ አላሰበም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሮቹን በመሀረብ ስቀበል አላሰብሁም።

የተበላችዋ እንዴት ወደ ድሪው እንደገባች ሲነሣ፣ አባታቸው ሲራራ ነጋዴ እንደነበሩና ከጎንደር እስከ አስመራ ይመላለሱ እንደነበር እናትየው አስታወሱ። ከዚያ መንገድ መጥታ ሊሆን ይችላል። ደኅነኛዋን በተመለከተ ለባልደረባዬ የጻፍሁለት ከ1888 በፊት ተመትታ ዓድዋ ልትደርስ የሚያግዳት ነገር እንደሌለ፣ ደርሳለች ለማለትም ብሯ በራሷ ምስክር እንደማትሆን ነው። የተመታችበትን ከተማ ለመለየት የትከሻዋን ጌጥና የንስሩን ጅራት ላባ ከየከተማው ናሙና ጋር ማስተያየት ይጠይቃል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ዋጋም ተጠይቄያለሁ። የ1918ቱ ታለሮ ከተራ ማርትሬዛ ይልቅ ብርቅ ስለሆነ ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ ይህች ግን ተበይዳ፣ ተሞርዳና ተበልታ ስለሆነ ከብሯ ክብደት እምብዛም የዘለለ ዋጋ አታወጣም። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ እንዳልከፋው አይቻለሁ።

ሁለቱን ብሮች በየራሳቸው የወረቀት ከረጢት አስገብቼ መግለጫ ጻፍሁባቸው። በተበላችው ላይ፦ «የጣሊያን ታለሮ፣ ለኤርትራ ንግድ የተመታ፣ እ.ኤ.አ. 1918። የተለየው በንስሩ በኩል ባሉት አራት ፊደላት፣ በሴትዮዋ በኩል ከ‹ሬግ› ቀጥሎ ባለው ‹ኤን› እና በጋሻው መስቀል ነው። የንስሩ ራስ በብየዳ ተሸፍኗል። በሎሚና በአመድ አይፈተግ።» እናትየው አስነብበው ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ቀርቷል አሉ። እርሳሱን አንሥቼ እሳቸው እንዳሉት ከታች ጨመርሁ፦ «እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ በአንገቷ ያደረገቻት።»